የማሳረጊያው ዱቄት

ኢንስፔክተር ጃናኪ ሬሳ ልታይ መጥታ፣ ደጃፉ ላይ የጠበቃት ሌላ ሊሞት የተቃረበ ሰው ነበር። በክረምቱ ዝናብ በጨቀየው የሕክምና ቤቱ ግቢ ሦስት ጎረምሶች አንድ ሰው ዘርረው ይረግጣሉ። አንደኛው የሰውየውን ቀኝ እጅ ድንጋይ ላይ አስጥቶ በተረከዙ ሲደቁሰው፣ ጣቶቹ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ቀጭ አሉ።

ጃናኪ ዱላዋን በረጋጩ ጉልበት ላይ አሳረፈችው። ወጣቱ ተንበረከከ።

«መምህሬን የገደለው እሱ ነው!» ብሎ ጮኸ። «እሽልኝ ብዬ ባስረክበው ጭንቅላታቸውን ከፈለው!»

«ማን አየው?»

«መድኃኒት ቀማሚው፣ ሴቱ የሚባለው ነገረን።»

«ሴቱ ስለነገረህ የሰው እጅ ትሰብራለህ? አንድ ጊዜ ንካውና ሬሳውን ትቼ አንተን ነው የማስረው።»

ረጋጩ ፓቪትራን ይባላል፤ የታወቀው የትግል መምህር የራይሩ የመጀመሪያ ደቀ መዝሙር ነው። የተረገጠው ቬሉ ደግሞ ሕመምተኞችን በዘይት የሚያሽ የሕክምና ቤቱ ሠራተኛ ነው። እንጀራው በሙሉ ያለው በነዚያ ጣቶች ላይ ነበር። ደምና ጭቃ ተፋና፣ «አጥቤያቸው ነው የወጣሁት እመቤቴ፤ በሕይወት ነበሩ» አለ። የሰማው የለም። ደካማ ሰው ሲገኝ ቁጣ ሁሉ ልበ ሙሉ ይሆናል።

ውስጥ፣ ራይሩ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለው ረጅም የዘይት መታሻ ገንዳ ውስጥ በጀርባው ተንጋሏል። የራስ ቅሉ በቀኝ በኩል ገብቷል። አጠገቡ መድኃኒት የሚወቀጥበት የድንጋይ ዘነዘና ወድቋል። ደሙ ከዘይቱ ጋር አልዋሃድ ብሎ በክር በክር ተንሳፍፏል። ጃናኪ ጎንበስ ብላ ቶሎ አልተነሳችም። እጅና እግሩ ከስቶ ፊቱ ግን ክብ ሆኖ ማበጡን አየች። ዘይቱን በጣቷ ነካችው፤ ከማሰሮ አሁን የተቀዳ ይመስል ጥርት ያለ ነው። ከዚያ ፀጉሩን ገለጥ አደረገች። አናቱ ላይ ቡናማ ዱቄት ተለጥፏል። ደሙ ከዱቄቱ በላይ እንጂ በታች አልነበረም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ቬሉን ነው።

«አናታቸው ላይ ዱቄት ያደረግህላቸው አንተ ነህ?»

«እኛ? በዘይት እጅ ዱቄት ይነካል እንዴ?» ያመዋል፤ ቢሆንም ጥያቄው አስቆት ነበር። «እኛ አሽተን፣ ዘይቱን በማሾ ዱቄት አስለቅቀን፣ በሙቅ ውሃ አጥበን እንወጣለን። ሰውየው ዱካ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ብርድ እንዳይመታው አናቱን በዱቄት እያሸ የሚባርከው ከባለቤቱ ቤተሰብ አንዱ ነው። ሕክምናው የሚያርገው ያኔ ነው።»

«ዱካው የት ነው ያለው?»

«ግድግዳው ሥር። ዳሌያቸው ስለማይታጠፍ ይደገፉበታል።»

ሴቱ የቤቱ ባለቤት የወንድም ልጅ ነው፤ መድኃኒቱን የሚቀምመው እሱ ነው። ልብሱ ነጭ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነው።

«እኔ እዚያ ክፍል አልገባሁም» አለ። «ቬሉ ገና እያሻቸው ነበር። መታጠብ እንኳ አልደረሱም። የምት ድምፅ ከውጭ ሰማሁ። ሌላው ቢቀር ተማሪያቸውንም ይጠይቁት፤ ከሰዓት በኋላ ተጯጩኸዋል።»

ፓቪትራን አልካደም። «የራጅ ሥዕላቸውን ከከተማ አመጣሁ። የዳሌያቸው አጥንት ሞቷል ተባለ። ሐኪሙ ምን ሲውጡ ነበር ብሎ አፋጠጠኝ። ከዚህ ቤት ጥቁር ክኒን ሌላ የሚውጡት የላቸውም። እንሂድ አልኳቸው፤ እምቢ አሉ። ‹ማታ ቤቱ ተሰብስቦ መብራት ሲበራ፣ በሕመምተኛው ሁሉ ፊት የምጠይቀው አለኝ› አሉኝ። እኔም ጮህኩባቸው።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የመጨረሻ ቃሌ ስድብ ሆነ።»

«ክኒኑን መውሰድ የጀመሩት ለምን ነበር?»

«ለጉልበታቸው። በሳምንቱ እንደ ልጅ ዘለሉ። ዳሌያቸው የከዳቸው ከዓመታት በኋላ ነው።»

የቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ሐኪም ጎቪንዳን ኢንስፔክተሯን መሬት ተቀምጠው ተቀበሏት፤ ልትሰናበት ስትልም ያለ ድጋፍ ብድግ አሉ። ቀኝ እጃቸውን ድሮ የፈላ ዘይት በልቶታል፤ ጣቶቹ ተጣብቀው ደርቀዋል።

«አየሽ ልጄ? በዚህ ዕድሜዬ!» አሉ በኩራት። «የሴቱ ክኒን ናት። ሰሞኑን ብሽሽቴን ትንሽ ትወጋኛለች፤ እሱ ዝናቡ ነው።»

ጃናኪ ከሽማግሌው ቆርቆሮ አንዲት ክኒን ለምና ወሰደች። ውጪ ወጥታ በጥርሷ ሰበረቻት። ላይዋ ጥቁር ነው፤ ውስጧ ግን ነጭ።

በማግስቱ መብራት ሲበራ ሁሉንም ገንዳው ያለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ቬሉ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ደጅ የራይሩ ተማሪዎች ስቀሉት እያሉ ይጮኻሉ።

«ራይሩ ገንዳው ውስጥ አልሞቱም» ብላ ጀመረች። «ሰው የታሸበት ዘይት ይደፈርሳል፤ ይሄ ጥርት ያለ ነው። ከሞቱ በኋላ የፈሰሰባቸው ነው። ታጥበው ጨርሰው ነበር፤ አናታቸው ላይ የማሳረጊያው ዱቄት አለ። ደሙ ከላዩ ነው፤ ስለዚህ ዱቄቱ ከምቱ ቀድሟል። ገዳዩ መልሶ እዚያ ያጋደማቸው፣ በሚታሹበት ሰዓት አብሯቸው የነበረው ቬሉ ብቻ ስለሆነ ነው።»

«ታዲያ ዱቄቱን ማን አደረገላቸው?» አለ ፓቪትራን።

«እሱን ሴቱ ይንገሩን።»

ሴቱ ከንፈሩን ላሰ። «አጎቴ አድርገውላቸው ይሆናል።»

ሽማግሌው የደረቀች ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። በግራ እጅ እንደማይባረክ የማያውቅ በቤቱ አልነበረም።

«ጨርሼ ልናገር» አለች ጃናኪ። «ሰባት ሰው የሚጥል ታጋይ እንዴት ሳይከላከል ተመታ? ዓይኑን ጨፍኖ፣ አናቱን ሰጥቶ ነበር። ሰው እንዲህ አንገቱን የሚደፋው ለባራኪው ብቻ ነው። ከኋላው ግድግዳ ስላለ ገዳዩ ፊት ለፊቱ ቆሟል። የፊት ለፊት ሰው በቀኝ ቢመታ ግራውን ነው የሚያገኘው፤ የተሰበረው ግን ቀኙ ነው። በግራ እጅ ነው የተመታው። የገዳዩ ቀኝ እጅ ምን ላይ ነበር? የራይሩ አናት ላይ፤ ዱቄቱን እያሸ! በዚህ ቤት ያንን የሚያደርግ የቀረኸው አንተ ነህ ሴቱ።»

«ለምን ብዬ?»

«በክኒኖችህ ጥቁር ሽፋን ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል የፋብሪካ መድኃኒት ተገኝቷል፤ ውጤቱ ዛሬ ከላብራቶሪ መጣ። ሕመሙን ያስተኛልሃል፤ ስም ያወጣልሃል፤ እያደር ግን ፊት ያሳብጣል፤ የአጥንቱን ደም ያደርቃል። ራይሩ ገብቷቸዋል። በመብራት ሰዓት ሊጠይቁህ ያሰቡት ይህን ነበር።»

ሴቱ የነሐሱን መብራት ነቅሎ ከነእሳቱ ወረወረባት። ጎንበስ ስትል የጋለው ዘይት ትከሻዋን ጠበሳት። ፓቪትራን ዘልሎ ክንዱን ጠመዘዘና ከገንዳው ጠርዝ ጋር አላተመው። አጥንቱ ሲሰበር ደጅ ድረስ ተሰማ። ቀጥሎ እጁን ወደ አንገቱ ሲዘረጋ የጃናኪ ዱላ አገጩ ሥር ደረሰ።

«ይበቃል! ትናንት በዚህ ቁጣህ ማንን እንደሰበርክ እይ!»

ፓቪትራን ቬሉን ቀና ብሎ ሊያይ አልደፈረም።

ሽማግሌው ከመቀነታቸው ቆርቆሮዋን አወጡ። ከፍተው ክኒኖቹን አዩ።

«ሴቱ፣ ልጄ… ለእኔስ የሰጠኸኝ ያው ነው?»

ሴቱ ክንዱን አቅፎ መሬት መሬት አየ። «ማታ ማታ ሲያቃስቱ እሰማ ነበር አጎቴ። ሕመምዎን መስማት አልቻልኩም።»

ሽማግሌው ቆርቆሮዋን ገንዳው ውስጥ ገለበጧት። ከዚያ ቬሉን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ በግራ እጃቸው ጣቶቹን አንድ በአንድ እያቀኑ በቀርከሃ ስንጥር አሰሩ። ቬሉ ጨርቅ ነክሶ ላብ በላብ ሆነ።

«ጣቶቼ ይሠራሉ አባባ?»

«አላውቅም ልጄ። አልዋሽህም።»

እንደ ልማዳቸው ብድግ ሊሉ ሲሞክሩ ግራ ዳሌያቸው ያዛቸው። እንደገና ሞከሩ፤ አልቻሉም፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ፓቪትራን ሮጦ በአንድ በኩል ያዛቸው፤ እንዴት እንደሚያነሳቸው ግን አላወቀም። ቬሉ በደህና እጁ በሌላው በኩል ደገፋቸውና ለሕመምተኛው ሁሉ የሚለውን አላቸው።

«ቀስ አባባ። መጀመሪያ በደህናው እግር።»