መጣ! ሄደ!

ጀይሉ ሞተ፤ የታሰረው ግን ሪሲቨሩን የጠገነው ሙህዲን ነው።

ከሚሴ ውስጥ ወሬው በሁለት ሰዓት ተሠርቶ አለቀ። እህል ነጋዴው ጀይሉ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ዲሽ ሊያስተካክል የገዛ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ኤሌክትሪክ በዲሹ ገመድ መጥቶ መታው፣ ወደቀ፣ ሞተ። ገመዱ የሚነሳው ከሪሲቨሩ ነው። ሪሲቨሩን ባለፈው ወር የከፈተው ሙህዲን ነው። እሑድ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሰባት ሰዎች ቆመው ነበር። አንዳቸውም ሙህዲንን ሊጠይቁ አልመጡም። ሱቁ ውስጥ ያስቀመጧቸው ሪሲቨሮች ተጠገኑም አልተጠገኑም እንዲመለሱላቸው ነው የመጡት።

ምክትል ኢንስፔክተር ዓፊያ መዝገቡን ቆማ አነበበችው። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም፤ ስታስብ እስክሪብቶዋን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች፣ ጣቢያው ውስጥ ያሉት ሁሉ በዚያ ድምፅ ተማርረዋል። ሙህዲን ሰኞ ጠዋት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተጠርጥሮ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የቀራት አንድ ቀን ነው።

«ይኼ ሁሉ የሟቹ ወንድም ያለው ነው» አለች ለተረኛው ፖሊስ። «ሌላው ሰውስ ምን አለ?»

«ሌላውም እሱ ያለውን ነው ያለው።»

«ሐኪሙስ?»

«ጭንቅላቱ ኋላ ላይ አንድ ቁስል። ሌላ ስብራት የለም። የኤሌክትሪክ ቃጠሎም አላየሁም ብሏል።»

እስክሪብቶው ቀጭ አለ።

ሙህዲንን ከማረፊያ ክፍሉ አስጠራችው። ሦስት ቀን ያልተላጨ፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ጣቶቹ በመበየጃ ካውያ ቃጠሎ ጠባሳ ተዥጎርጉረዋል።

«አከም ጅርታ፣ እንዴት ነህ ሙህዲን?»

«አልሃምዱሊላህ። እዚህ ተሁኖ ምን ይባላል?»

«ባለፈው ወር ምን ቀየርክለት?»

«ሁለት ካፓሲተር። ምስሉ ይንቀጠቀጥበት ነበር። ስከፍተው ሁለቱም አናታቸው እንደ ዳቦ አብጧል። አዲስ ገጠምኩለት።»

«በእነሱ በኩል ኤሌክትሪክ ዲሹ ድረስ ይሄዳል?»

«አይሄድም። ከግድግዳው የሚመጣው ኃይል የሚቆምበት ድንበር ቦርዱ ላይ አለ። እኔ የነካሁት ከድንበሩ ወዲህ፣ በደካማው ኃይል በኩል ነው። ይኼን ለማን ላስረዳ? የመጀመሪያው መርማሪ ‹ነክተሃል አልነካህም?› አለኝ። ‹ነክቻለሁ› አልኩት። ጻፈው።»

«ጀይሉ ከዚያ ወዲህ አናግሮሃል?»

«ማክሰኞ ደወለ። ‹ሳጥኑ ሞተ፣ ቀይ መብራቷም የለችም› አለኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ አልኩት። ይኼንንም ተናግሬያለሁ። ‹መደወሉን ስልክህ ይናገራል፣ ያለህን ግን ማን ሰማ?› ተባልኩ።»

ዓፊያ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ጥቁር ሳጥን አየችው። ፖሊሶቹ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ከሟቹ ሳሎን አንስተው በፕላስቲክ ከረጢት አሽገውታል፤ ማኅተሙ አልተነካም።

«ብትከፍተው ትጠግነዋለህ?»

«አይቼ ነው። ምን እንደገደለው ሳላውቅ አልምልም።»

«ዛሬ ታየዋለህ» አለችና ወጣች።

የጀይሉ ግቢ ከደሴው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ የባጃጅ ጡሩምባ እዚያም ድረስ ያሳድዳል። ግቢውን የቆርቆሮ አጥር ለሁለት ይከፍለዋል፤ በአንዱ በኩል የባለቤቱ ቤት፣ በሌላው የተከራዩ ናሆም ክፍል። ከባለቤቱ ቤት ፊት ለፊት ጠርዙ የሾለ የሲሚንቶ ውኃ ገንዳ አለ። ሬሳው የተገኘው ከገንዳው ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ከወደቀ መሰላል አጠገብ ነው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሙሀመድኑር ሳሎን ውስጥ ለቅሶ የመጡትን እየሸኘ ነበር። መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ በጣቱ እያዞረ ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ ስንት ጊዜ ልናገር?»

«አንድ ጊዜ። ለእኔ አልተናገሩም።»

«እኔ እዚህ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜያለሁ። እሱ ጣሪያ ላይ ዲሹን ያዞራል። ‹መጣ!› እላለሁ፣ ‹ሄደ!› እላለሁ። በየቤቱ ያለ ነገር ነው። ከዚያ ጮኸ። ያን ጊዜውኑ ሳጥኑ ጭስ ብሎ ጠፋ።»

«‹መጣ› ሲሉ ምን ታየ?»

«ሰው ነዋ! ዜና የሚያነብ ሰው፣ እየተቆራረጠ።»

«ጀይሉ ዲሹን ምን ያህል አዞረው?»

«ብዙ ነው። ‹ወደ ሰንበቴ በለው› ስለው ወደዚያች ከተማ አቅጣጫ አንድ ክንድ ያህል ገፋው። ሳይመልሰው ነው የወደቀው፤ አላህ ይዘንለት።»

«ከዚያ በኋላ ጣሪያ ላይ የወጣ አለ?»

«ማን ደፍሮ! ሰው የገደለ ብረት።»

አመሰገነችው። ምስጋናዋ አጭር ነበር።

ናሆም የግብርና ባለሙያ ነው፤ በሩን የከፈተው በአንድ እጁ የምሳ ሳህን ይዞ ነው።

«ሐሙስ መቼ ገባህ?»

«ስድስት ሰዓት አልፎ። የውጪውን በር ስከፍት ይንቋረራል፣ ሰምተሽዋል። ወዲያው ከዚያ ማዶ ‹መጣ! ሄደ! ወደ ሰንበቴ በለው!› ተጀመረ። ‹በቃ፣ ቴሌቪዥኑ ተመልሶ ሊጮህብኝ ነው› ብዬ አዘንኩ።»

«ለምን አዘንክ?»

«ጋሽ ጀይሉ ቴሌቪዥን ሲከፍት ለሠፈሩ በሙሉ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ማታ ማታ ጭጭ ብሎ ነበር። እግዜር ሰማኝ ብዬ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰኞ ማታ ሰምቼዋለሁ። ከማክሰኞ ወዲህ የለም።»

«ሐሙስ ሲጣሩ ጀይሉ ምን እያለ ይመልስ ነበር?»

ናሆም ሳህኑን ወንበር ላይ አስቀመጠው።

«እንጃ... አልሰማሁትም። የሙሀመድኑርን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። ሲገርም። የጋሽ ጀይሉ ድምፅ እኮ ጨፋ ሮቢት ድረስ ነው የሚሰማው።»

«ከዚያስ?»

«ድምፁ ቆመ፣ ጥቂት ቆይቶ የብረት ጓጓታ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ መሰላሉ ወድቋል፣ እሱም በጀርባው ተኝቷል። ደሙ ጠቁሮ፣ ዝንብ ወሮት ነበር።»

«ሮጬ ደረስኩ ነው ያልከኝ።»

«አዎ።» ወደ አጥሩ ማዶ አየ። «ዝንቡ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ እንዴ?»

የጀይሉ ሚስት ነጅዋ ጓዳ ውስጥ ነበረች። ጨፋ ሮቢት ልጇን ስታርስ ሁለት ሳምንት ቆይታ የተመለሰችው ለቀብር ነው። ሐሙስ ማታ ጣቢያው በር ላይ ሙህዲንን ረግማዋለች፤ እርግማኑ በባጃጅ ፍጥነት ከተማውን አዳርሷል።

«ያ ልጅ ይፈታ ልትይኝ ከሆነ አትድከሚ» አለች።

«ስለ ሙሀመድኑር ልጠይቅዎ ነው። እዚህ ቤት ይመላለሳል?»

«ከአረፋ በኋላ እዚህ እግሩ አልረገጠም። ተኳርፈው ነበር።»

«በምን?»

«ኡምኩልሱም የምትባል እህት አለቻቸው፣ ባሏ የሞተባት። የአባታቸው ቦታ ላይ ነው የምትኖረው፣ መንገድ ዳር። እሱ እሷን አስነስቶ ነዳጅ ማደያ ይሠራበት ዘንድ ጀይሉ እንዲፈርምለት ፈለገ። ጀይሉ ‹እህቴን ከቤቷ አላስወጣም› አለ። አለቀ።» ቀና ብላ አየቻት። «ሐሙስ ሊታረቅ መጥቶ እንደሆነ ነው የነገረኝ። ምን ልትይ ነው?»

«ከዐስር ሶላት በኋላ እነግርዎታለሁ።»

የከሰዓቱ የዐስር ሶላት እንዳለቀ ዓፊያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሙህዲን ካቴናው ተፈትቶለት፣ ቦርሳውን ይዞ በሁለት ፖሊሶች መካከል ገባ። ነጅዋ ፊቷን አዞረች። ሙሀመድኑር ብድግ አለ።

«ገዳዩን ለቅሶ ቤት ታመጪዋለሽ?»

«ይቀመጡ። የሚጠገን ዕቃ አለን።»

ማኅተሙን ሁሉም እያዩ ቆረጠች። ሙህዲን አራቱን ብሎን ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወደ ውስጥ አየ።

«ምንድን ነው?»

«እንሽላሊት ናት።»

ናሆም ጠጋ አለ። ከግድግዳው የሚመጣው ኃይል ወደ ቦርዱ በሚገባበት ቦታ ጣት የማታክል የግድግዳ እንሽላሊት ተጋድማለች። ሥጋ የላትም፤ እንደ ወረቀት የደረቀ ቆዳና አጥንት ብቻ ነው የቀራት። በዙሪያዋ ጉንዳን የተዋቸው ፍርፋሪዎች አሉ።

«በሙቀቱ ተስባ ትገባለች፣ ሁለቱን ሽቦ በአካሏ ታገናኛለች» አለ ሙህዲን። «እግሯ ፊውዙ ላይ ተጣብቋል፤ ይዛው ነው የሞተችው።» ቴስተሩን በየተራ እያስነካ ለካ። «ፊውዙ ሄዷል። የግድግዳውን ኃይል የሚቀበሉት አራቱም ዳዮዶች ሞተዋል። ከድንበሩ ወዲህ ያለው፣ እኔ የቀየርኩት፣ ደህና ነው።»

ከቦርሳው ያረጀ ሪሲቨር ቦርድ አውጥቶ አራት ዳዮድ ነቀለ። ካውያው ጋለ፤ የቀለጠ የመበየጃ ሊድ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጥ ነበር፤ እሱ ብቻ አልቸኮለም። ዳዮዶቹን በየአቅጣጫቸው በየዳቸው፣ አዲስ ፊውዝ ጨመረ፣ መጀመሪያ በሙከራ አምፖል በኩል ሰካው። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ።

«ጤነኛ ነው» አለ። የዲሹን ገመድ አሰረና ቁልፉን ተጫነ።

ቀይ መብራት፣ ከዚያ አረንጓዴ። ዜና አንባቢዋ ጥርት ብላ ወጣች። ማንም ‹መጣ› አላለም።

«ሲግናሉ ከመቶ ሰባ ስምንት ነው» አለ ሙህዲን። «ይኼን ዲሽ ማንም አልነካውም።»

ዓፊያ ድምፁን ቀነሰችው።

«እንግዲህ ስሙኝ። ይህ ሳጥን ሐሙስ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጭሶ ጠፋ ተብሎ ተጽፏል። የታሸገው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጉንዳን በአንድ ሰዓት ተኩል እንሽላሊት በልቶ፣ ቆዳዋን አድርቆ፣ ከታሸገ ሳጥን አይወጣም። ሳጥኑ የሞተው ማክሰኞ ነው፤ ጀይሉ ለሙህዲን የደወለ ዕለት፣ ናሆም በሰላም የተኛ ዕለት። የሞተ ሳጥን ደግሞ ገመዱ ላይ ኤሌክትሪክ አይልክም፣ ዜና አንባቢም አያሳይም። ጀይሉ ይህን ያውቃል። ሳጥኑ እንደሞተ እያወቀ በእኩለ ቀን ትኩስ ቆርቆሮ ላይ ለምን ይወጣል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አለ ሙሀመድኑር። «ካልወጣ ማን አዞረው?»

«ማንም። ክንድ ያህል ወደ ሰንበቴ ተገፋ፣ ሳይመለስ ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ የወጣም የለም ብለውኛል። ያን ያህል የዞረ ዲሽ ይህችን ሴትዮ አያመጣትም። ጀይሉ ጣሪያ ላይ አልወጣም። እዚህ ቤት ሳጥኑ መሞቱን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከአረፋ ወዲህ ያልመጣው።»

የሙስበሃው ድምፅ ቆመ።

«ገንዳው አጠገብ ስለ እህታችሁ ቦታ ተጣላችሁ፤ ገፉት፤ ጠርዙ መታው። መሰላሉን አቆሙ። የውጪው በር ሲንቋረር ሳሎን ገብተው መጣራት ጀመሩ፣ ናሆም እንዲሰማ። ከዚያ ወጥተው መሰላሉን ጣሉት። ፖሊስ መጥቶ ቁልፉን ሲጫን ግን ሳጥኑ ጨለማ ሆነ። ያን ጊዜ ‹ጭሶ ጠፋ› አሉ፤ ሙህዲን የታሰረው በዚያች ቃል ነው።»

«ወላሂ ልገድለው አይደለም» አለ ሙሀመድኑር፣ ቁልቁል እያየ። «ገፋሁት እንጂ... አንዴ ነው የገፋሁት።»

ነጅዋ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«እሱ ውጪ ተዘርግቶ፣ አንተ እዚህ ሆነህ ‹መጣ› ትለው ነበር?»

ፖሊሶቹ ክንዱን ይዘው አወጡት።

«አንተ ከዚሁ ቤትህ ግባ» አለችው ዓፊያ ሙህዲንን። እሱ ክዳኑን መለሰ። አንዱን ብሎን አጠበቀ፣ ሁለተኛውን። ነጅዋ አጠገቡ መጥታ ነጠላዋን በእጇ ጨመደደች።

«አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ። ከተማው ሁሉ እየሰማ ነው የረገምኩህ።»

ሦስተኛውን አጠበቀ። አራተኛውን አጠበቀ፤ በአውራ ጣቱ ደባብሶ አረጋገጠ።

«አፉ ብያለሁ» አለ። «ሲረግሙኝ የሰማው ሕዝብ ግን አሁን እዚህ የለም። ነገ ሱቄን ስከፍት ባዶ መደርደሪያ ነው የሚጠብቀኝ።» ካውያው እስኪበርድ አልጠበቀም፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። «ሌላ ቀን ቢበላሽ ኮምቦልቻ ይውሰዱት።»

ደጃፉ ላይ ጫማውን አጠለቀ፣ ወጣ፣ በሩንም ከኋላው ዘጋው።