ሦስተኛውን ድልድይ አውርዱ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

ሌሊት አልነበረም። ጭር ያለ መንገድ ላይ ብቻዬን ስሄድም አልነበረም። ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ውጭ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ... ሰው የሞላበት አዳራሽ ውስጥ ነው የሆነው።

ደክሞኛል። ፍርሃቱ አድክሞኛል፤ ከፍርሃቱ በላይ ደግሞ ማስረዳቱ አድክሞኛል። አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ። የልብ ወለድ መጻሕፍት እንዳይመስላችሁ፤ የእኔ ድርሻ የቴሌቪዥን ስርጭትና የትልልቅ ዝግጅቶች ቋንቋ ነው። የስርጭት መሣሪያውን ይዘው የሚመጡት ፈረንሳዮች ናቸው። ካሜራ የሚይዙት፣ ሽቦ የሚዘረጉት፣ መብራት የሚሰቅሉት ደግሞ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ናቸውና የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው።

መሐል ላይ እኔ አለሁ።

ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አይደለም። ለምሳሌ ፈረንሳዮቹ የመድረኩን ቀኝና ግራ ቀኝና ግራ ብለው አይጠሩትም። አንዱን ጎን «አትክልት ቦታ»፣ ሌላውን «ግቢ» ይሉታል። ለምን ብትሏቸው አባቶቻችን እንዲያ ይሉ ነበር ነው መልሳቸው። በመጀመሪያው ቀን ባልደረባዬ ይህን ዘንግታ ቃል በቃል ተረጎመችው፤ «ካሜራውን ወደ አትክልቱ ውሰዱት» አለች። ካሜራማኑም ምስኪን፣ ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ወጣና ጽጌረዳው ሥር ተክሎ «ቀጥሎስ?» አለ።

ከት ብለን ሳቅን። የዚያን ሳምንት የሳቅነው እሱን ብቻ ነው።

ባልደረባዬ በማግስቱ ድምጿ ተዘጋና ቤቷ ቀረች። ሁለት ሰው እየተፈራረቀ የሚሠራውን ሥራ ብቻዬን ያዝኩት። ከአዳራሹ በስተኋላ ባለች ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ፣ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቄ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። አጠገቤ የእሷ ወንበር ባዶውን ነው። ፊት ለፊቴ ካሜራዎቹ የሚያዩትን የምታሳየኝ ትንሽ ስክሪን አለች።

በእኛ ሥራ አንድ ሕግ አለ። አስተርጓሚ «እሱ እንዲህ አለ» አይልም። «እኔ» ነው የሚለው። ትእዛዝ የሚሰጠው ፈረንሳዊው አዘጋጅ «ራበኝ» ካለ እኔም «ራበኝ» እላለሁ። በጆሮ የገባው በአፍ ይወጣል... ሳይመረጥ፣ ሳይጠየቅ።

ሲደክማችሁ ደግሞ አፋችሁ ከእናንተ ይቀድማል። የተናገራችሁትን የምታውቁት ከተናገራችሁ በኋላ ይሆናል።

ያን ቀን እዚያ ደርሼ ነበር።

አዘጋጁ ውጭ በቆመው የስርጭት መኪና ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስሙን የያዘለት የለም፤ ሁላችንም «ቶሎበሉ» ነው የምንለው። ለምን እንደሆነ አንድ ሰዓት አብራችሁት ብትሠሩ ይገባችኋል።

መብራት ሰቃዩ ደግሞ ጋሽዬ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ ያሳደገኝ እሱ ነው። እኔ ፈረንሳይኛ ስማር እሱ የሰው ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ትዳርም አልያዘ፤ «መጀመሪያ አንቺን ልዳር» እያለ ይቀልዳል። ከሁለታችን በቀር በቤታችን ማንም የለም። እሱን ካጣሁ ሁሉንም አጣሁ ማለት ነው።

በእረፍት ላይ ውሃ ይዞልኝ ወደ ክፍሏ መጣ።

«እታለም፣ ዓይንሽ ደም መስሏል።»

«ጋሽዬ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ገበያ የቆመ ነው የሚመስለኝ።»

«ዛሬ አይደል የመጨረሻው ልምምድ? ሦስተኛው ድልድይ ላይ አንዲት ሽቦ ላጥብቅና አብረን እንወጣለን።»

ድልድይ የሚሉት መብራቶቹ የሚሰቀሉበትን ረጅም ብረት ነው። ብዙ ሰው የማያነሳው ከባድ ነገር ነው። በሞተር ይወጣል፣ በሞተር ይወርዳል። ሞተረኛው ከጥቁሩ መጋረጃ ጀርባ ስለሚቀመጥ መድረኩን አያይም። የሚያምነው ጆሮውን ብቻ ነው።

ይኸውም እኔን።

ጋሽዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወጣ። ማዳመጫዬን መልሼ አጠለቅኩ።

ከዚያ... መጣች።

«ወደ ቀጥታ ስርጭት ልንገባ ነው... ተዘጋጁ።»

የሴት ድምፅ ነው። ፈረንሳይኛ። አትጮህም፣ አትቸኩልም። ቀኑን ሙሉ ስትናገር ውላ እንደደከማት ሴት ነው የምትናገረው።

እኔም እንደወረደ ተረጎምኩት።

ካሜራማኖቹ ደንግጠው ቀጥ አሉ። ወዲያው ቶሎበሉ ጆሮዬን አደነቆረው።

«ማነው ቀጥታ ስርጭት ያለው? ልምምድ ላይ ነን እኮ!»

«የሰማሁትን ነው ያልኩት...»

«ከማን? እኔ አፌን አልከፈትኩም!»

ድካም ነው አልኩ ለራሴ። ከድምፅ ተቆጣጣሪው ጋር በጎን የምንነጋገርባት መስመር አለችን፤ የአገሬ ልጅ ስለሆነ በቋንቋችን ነው የምናወራው። በሹክሹክታ ጠራሁት።

«ስማ... መስመሩ ላይ ያለችው ሴት ማናት?»

«የምን ሴት?»

«ፈረንሳይኛ የምትናገረዋ።»

«እዚህ መስመር ላይ ፈረንሳይኛ የሚናገር አንድ ሰው ነው። እሱም ጢም አለው።»

«የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ምን ያደርግልሻል? ውሃ ጠጪ።»

ጠጣሁ።

ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ነው ያስተዋልኩት... ማዳመጫው ውስጥ የትንፋሽ ድምፅ አለ።

ስተነፍስ ትተነፍሳለች።

ትንፋሼን ዋጥ አደረግኩ። እሷም ዋጥ አደረገች።

ማዳመጫውን ላወልቅ እጄን ሳነሳ እንደገና ተናገረች።

«ካሜራ ሁለት... ወደ መስታወቱ ክፍል ዙር። ፊቷን አሳየኝ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔም አፍ አመለጠኝ። በእንግሊዝኛ አልኩት። ካሜራ ሁለትም፣ ምን ያድርግ፣ እንደታዘዘው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ስክሪኗ ላይ ራሴን አየሁ። የተጎሳቆለ ፊት፣ የቀላ ዓይን። አፌን በእጄ ሸፍኛለሁ...

አይ።

አፌን በእጄ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ስክሪኗ ላይ ያለችው እጇን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል።

ምስል ይዘገያል ብዬ ራሴን አታለልኩ። በሥራችን ይህ የታወቀ ነው፤ ምስሉ ከእውነቱ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል። ጠበቅኩ። አሁን ትደርስብኛለች፣ አሁን እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች እያልኩ ጠበቅኩ።

አላደረገችም። ማውራቷን ቀጠለች።

ያን ጊዜ በጆሮዬ፣ በዚያ በደከመ ድምፅ፣ በፈረንሳይኛ...

«መድረኩ ነፃ ነው። ሦስተኛውን ድልድይ አውርዱ።»

ቀና ብዬ በመስታወቱ አየሁ።

ሦስተኛው ድልድይ ከመድረኩ ወለል በሰው ወገብ ልክ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ሁለት እግሮች ይታያሉ። የጋሽዬ ጫማ ነው። በጀርባው ተኝቶ ሽቦውን እያጠበቀ ነው።

ይህን አልተረጉምም አልኩ። ጥርሴን ነከስኩ። በሁለት እጄ አፌን አፈንኩት።

የራሴን ድምፅ በጆሮዬ ሰማሁት።

በእንግሊዝኛ። ረጋ ብሎ፣ ጥርት ብሎ። መድረኩ ነፃ ነው አለ። ሦስተኛውን ድልድይ አውርዱ አለ።

ሞተሩ ማጓራት ጀመረ።

«አቁሙ!» ብዬ ማይኩ ላይ ጮህኩ። «ሰው አለ! አቁሙ!»

ቀና ያለ አልነበረም። አንድ ሰው እንኳ።

ማዳመጫውን ወርውሬ ሮጥኩ። ወንበር ጠልፎኝ ወደቅኩ፣ ተነሳሁ። ድልድዩ አይቸኩልም፤ ቀስ... ቀስ... እያለ ነው የሚወርደው። ሕፃን እንኳ ተነስቶ ሊያመልጠው ይችላል።

ጋሽዬ ግን አይነሳም!

ያየዋል። ብረቱ ወደ ደረቱ ሲወርድ ዓይኑን ተክሎ ያየዋል። እንደ ሠራተኛው ሁሉ ያጠለቀው ማዳመጫ ሁለቱንም ጆሮውን ስለደፈነው ጩኸቴ አይደርሰውም። ተኝቶ ያዳምጣል። ልክ የሚያምነውን ሰው እንደሚያዳምጥ ሰው።

«ጋሽዬ! ጋሽዬዬዬ!»

በድንገት ፊቱ ተለዋወጠ። ማዳመጫውን ከራሱ ላይ መንጭቆ ጣለና ወደ ጎን ተንከባለለ።

ድልድዩ መድረኩ ላይ ዐረፈ። የማዳመጫው ፕላስቲክ ከሥሩ ሲደቅቅ ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ድብልቅልቅ ነው። ሞተረኛው ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቶ ላብ እያጠመቀው ጣቱን ቀሰረብኝ። «አንቺ ነሽ! አውርድ ያልሽኝ አንቺ ነሽ!» ድምፅ ተቆጣጣሪው የመስመሩን ድምፅ ቅጂ ከፍቶ ለሁሉም አሰማ። የእኔ ድምፅ ነው፤ አንድ ቃል አይጎድለውም። ወደ መድረኩ እየሮጥኩ በነበረበት ሰዓት እንኳ ቅጂው ላይ በእርጋታ «ቀጥል፣ ቀጥል» እላለሁ። ፈረንሳይኛ የምትናገር ሴት ግን ቅጂው ላይ የለችም።

ቶሎበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብሎ ተናገረ። ወደ ቤትሽ ሂጂ አለኝ፤ ተመልሰሽም አትምጪ።

አልተከራከርኩም። ጋሽዬ በሕይወት አለ፤ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

በመንገድ ላይ አልተነጋገርንም። ቤትም ገብተን አልተነጋገርንም። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ወጥ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ በመስኮቱ ፀሐይ እየገባ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ... ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«ጋሽዬ... ለምን አልተነሳህም?»

የሻዩን ብርጭቆ በጣቱ አዞረ።

«አንቺ ነሻ አትነሳ ያልሽኝ።»

«እኔ?»

«በማዳመጫው። በእኛው ቋንቋ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይዞህ፣ አትንቀሳቀስ፣ አሁን ይቆማል አልሽኝ። ከተንቀሳቀስክ ሽቦው ይይዝሃል አልሽኝ። አመንኩሽ። አንቺን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?»

የቀዘቀዘውን ሻይ ከፊቴ ገፋሁት።

«ታዲያ... በምን ተነሳህ?»

«በስሜ ጠራሽኝ።»

ወደ እሱ ዞርኩ።

«ከተወለድሽ ጀምሮ አንድ ቀን በስሜ ጠርተሽኝ አታውቂም» አለ። «ተናደሽም፣ አልቅሰሽም፣ ታመሽም ጋሽዬ ነው የምትይኝ። እዚያ ተኝቼ ስሜን ስሰማ... ይቺ እህቴ አይደለችም አልኩና ተንከባለልኩ።»

አለቀስኩ። እሱም እንባ አውጥቶ ሳቀ። እጄን ያዘኝ። ከስንት ቀን በኋላ ጥቂት ዕረፍት የተሰማኝ ያን ጊዜ ነበር። ተርፈናል አልኩ በልቤ፤ ያቺ ማንም ትሁን ማን፣ እኛን አታውቀንም።

ያን ጊዜ ከመኝታ ቤቴ...

ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም፤ ብያችኋለሁ።

ከመኝታ ቤቴ፣ በእኔ ድምፅ፣ በደከመው...

«ጋሽዬ...? ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ጋሽዬ ወደ በሩ አልዞረም።

እኔን ነው የሚያየው። አፌን፣ ዓይኔን፣ እንደገና አፌን። ልናገር ፈለግኩ፤ ግን ምን ብናገር ያምነኛል?

እጁን ቀስ ብሎ ከእጄ አወጣ።

ከዚያ ወንበሩን... ሳያስጮህ... ከእኔ አራቀ።