ሽማግሌው የማይቋጥሩት ክር

አቃቤ ሕጓን ነገሩ የከነከናት ክሩን ፈትታ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ጠዋት መዝገብ ቤት ስትገባ ሽማግሌውን መዝገብ ያዥ ከደረጃው ሥር በድን ሆነው አገኘቻቸው። አጠገባቸው የነገው ችሎት መዝገብ ነበር። የተከሳሹ ጠበቃ እጮኛዋ ስለሆነ ክሱ ከእሷ ተወስዶ ለሌላ ተሰጥቷል፤ መንካት አልነበረባትም። ግን ሁልጊዜ ክፉውን የሚያስቀድመው ልቧ አላስቻላትም። ጥፍሯ እስኪሰበር ታግላ መዝገቡ የታሰረበትን ክር ቋጠሮ ፈታችው። የዋናው ምስክር ቃል የለም!

ክሩን መልሳ እንደ ሽማግሌው ልማድ ጠምጥማ ጫፉን ስትሸጉጥ ክው አለች። እሳቸው መዝገብ ቋጥረው አያውቁም። «ዳኛ ቋጠሮ እስኪፈታ አይጠብቅም» ይሉ ነበር። ቋጠሮው የማን እንደሆነ ግን ታውቃለች።

ፖሊስ ሲመጣ መዝገቡን መክፈቷንም ቋጠሮውንም ደበቀች።

መርማሪው በእርጋታው «ኤሊ» የሚሉት ሰው ነው።

«ትናንት ማን አመሸ?» ሲል ዘበኛውን ጠየቀ።

«ጸሐፊዋ፣ ጠበቃውና እኔ ነን ጌታዬ። እኔንም ይጠርጥሩ፤ ሚስቴ ሃያ ዓመት ጠርጥራኝ አልሰለቻትም!»

ጸሐፊዋ ዓይኗ በእንባ አብጧል። «ስወጣ ጠበቃው ይህንኑ መዝገብ ያገላብጡ ነበር። ሽማግሌው ‹ቶሎ በል እንጂ፣ ዓይኔ ደከመ› ይሏቸዋል።»

«መልሼላቸው በሰላም ተለያየን» አለ ጠበቃው።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ሁሉንም እዚያው ደረጃ ሥር ሰበሰበና ክሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው።

«ጫፉ እንደ ሽማግሌው ልማድ ተሸጉጧል። መሃሉ ግን ተጨማዷል፤ ጠብቆ ተቋጥሮ ነበር። ሲወድቁ ወረቀቱ ተበተነ። አንድ ሰው ለቅሞ፣ የጎደለው እንዳይታወቅ አሰረው። እስቲ ሁላችሁም አንዳንድ መዝገብ እሰሩልኝ።»

ዘበኛው እንደ ማገዶ ጠፈረው። ጸሐፊዋ የቢራቢሮ ቅርጽ ሠራች። ጠበቃው ፈገግ ብሎ ጠመጠመና ጫፉን ሸጎጠ።

«ጎበዝ ነህ» አለ መርማሪው። «የቋጠረውን አላውቅም። የፈታውን ግን አውቃለሁ።» ወደ አቃቤ ሕጓ ዞረ። «ጥፍርዎን ምን ሰበረው?»

ጠበቃው አያት። የዛሬ ሳምንት ዝናብ ውስጥ ተንበርክኮ የጫማዋን ክር ሲያስርላት «እኔ ያሰርኩትን ከእኔ በቀር ማንም አይፈታውም» ብሏት ስቀው ነበር። እውነትም መፍታት አቅቷት ሳምንቱን ሙሉ እንደታሰረ ስታጠልቀው ከረመች። ሠርጋቸው ሦስት ወር ቀርቶታል።

እግሯን ወንበር ላይ አወጣች።

«ቋጠሮው ይህ ነበር። እሱ ነው ያሰረልኝ።»

«ምን ነካሽ፣ የኔ ፍቅር?» አለ ጠበቃው። «አልገፋኋቸውም! ወረቀቱን ሳወጣ አይተው መዝገቡን ያዙብኝ። ስነጥቃቸው እግራቸው ከዳቸው…»

«ወረቀቱን ስትለቅም ትንፋሽ ነበራቸው?» አለ መርማሪው።

«ነበራቸው» አለ ጠበቃው።

«እርስዎም መዝገቡን በመንካትዎ ይጠየቃሉ» አላት መርማሪው ዝቅ ባለ ድምፅ። «አውቃለሁ» አለች፤ ጫማዋን አውልቃ ሰጠችው።

ሲመሽ በጸሐፊዋ ነጠላ ጫማ ቤቷ ገባች። እናቷ ሦስት ሳህን ደርድራ ትጠብቃለች።

«ምነው ቆየሽ? ስንት ነገር አሰብኩ! ጫማሽስ?»

«ለማስረጃ ተወሰደ።»

እናቷ ፊቷን ትክ ብላ አየች። «በሩን ለእሱ ገርበብ ላድርገው?»

«አይመጣም እማዬ።»

እናቷ አንዱን ሳህን አነሳች። ከዚያ ሄዳ በሩን ገፋችና ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።