ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጠፋው ድምፅ

አሮጊቷ የኦክስጅን ቱቦው አፍንጫቸው ላይ እንዳለ፣ ሳሎን ውስጥ ወንበራቸው ላይ ሞተዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከቴሌቪዥኑ ፊት ግን ንቅንቅ አይሉም ነበር። ቴሌቪዥኑ አሁንም ምስሉን ያሳያል፤ ድምፅ የለውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያገኘቻቸው ምራታቸው ናት። የሚጠባ ልጇን ታቅፋ ግድግዳ ተደግፋለች፤ ፖሊሶቹ ሊወስዷት ነው። የኦክስጅን ማሽኑ የሠራበትን ሰዓት ይቆጥራል፤ እሷም ቁጥሩን ጠዋት ጠዋት ደብተር ላይ ትጽፋለች። ዛሬ አርባ ደቂቃ ጎድሏል። መብራት አልጠፋም፤ እንግዲህ የሰው እጅ ነው። ይታያችሁ፣ ያስጠረጠራት የገዛ ጥንቃቄዋ ነው።

«ልጄን ማን ያጠባልኛል? በፈጠራችሁ!» አለች፤ ድምፅዋ ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

ኢንስፔክተሯ ማባበል አታውቅበትም። ወደ ባልየው ዞረች።

«አንተ መቼ ወጣህ?»

«አሥር ሰዓት። ከስምንት ተኩል ጀምሮ ከእማዬ አጠገብ አልተነሳሁም። የዘጠኝ ተኩሉን ዜና አብረን ሰማን። ዝናብ ይዘንባል ሲል ‹ተመስገን› አለች። ማሽኑም ይሠራ ነበር።»

«ሚስትህስ?»

«ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ከኔ በኋላ ቤት የነበረችው እሷ ብቻ ናት።» ይህን ሲል ሚስቱን ቀና ብሎ አላያትም።

ኢንስፔክተሯ ሪሞቱን አነሳች። ድምፁ መጨረሻው ድረስ ተከፍቷል።

«ይሄ ነገር ድሮም ዲዳ ነው?»

«የራሱ ድምፅ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ በዚያ ስፒከር ነው የሚሰማው» አለች ምራቲቱ። «እስከ ጥግ ካልተከፈተ እማማ ይቆጣሉ። ጎረቤታችን ጋሽ መቀስ ደግሞ ግድግዳ ይደበድቡብናል።»

የስፒከሩ መብራት ጠፍቷል። ኢንስፔክተሯ ተንበርክካ ገመዱን ተከተለች። ከቁም ሳጥኑ ኋላ ባለው ዲቫይደር ላይ ቴሌቪዥኑና ማሽኑ ተሰክተዋል። የስፒከሩ መሰኪያ ግን ተነቅሎ አቧራው ላይ ወድቋል። የእሱና የማሽኑ ገመድ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ወፍራም ናቸው። ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና ጋሽ መቀስ የሚሏቸውን ልብስ ሰፊ ጎረቤት አስጠራች።

«ዛሬ ግድግዳ ደበደቡ?»

«ዛሬስ አልደበደብኩም፤ ነፍሳቸውን ይማር! ልክ ሬዲዮዬ ዘጠኝ ሰዓት ሲል የነሱ ጩኸት ቀጥ አለ። ምን ነካቸው ብዬ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጋደም አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ጭጭ! ይቺ ልጅ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኡኡ እስክትል ድረስ።»

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም አስቀመጠቻቸው።

«አንድ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኑን ሊነቅል ከቁም ሳጥኑ ኋላ እጁን ሰደደ። በጥድፊያ የነቀለው ግን ስፒከሩን ነው። ድምፁ ሲቆም መሳሳቱን አወቀ፤ ትክክለኛውን ነቀለ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ማሽኑን መልሶ ሰካ፤ ስፒከሩን ረሳው።» ባልየውን አየችው። «በዚያ ሰዓት ከእናትህ አጠገብ አልተነሳሁም ያልከኝ አንተው ነህ። ዜናውን ታዲያ በምን ሰማችሁት? ዓይን የሌላቸው ሴት ድምፁ ሲጠፋባቸው ቤቱን በጩኸት ያናውጡት ነበር። ዝም ያሉት ትንፋሽ አጥሯቸው ነው።»

ሰውየው ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ።

«‹ልጄ፣ ምነው ጠፋብኝ?› አለችኝ። ‹እየሠራሁት ነው እማዬ› አልኳት። ራሷ ናት ገላግለኝ እያለች ስትለምነኝ የኖረችው! ስቃይዋን ማየት አቃተኝ!»

«እሺ። ሚስትህን አሳስረህ ልጅህን ያለ እናት እንድታስቀርስ ማን ለመነህ?»

ሚስቱ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረችው።

«እኔንም በየቀኑ ይለምኑኝ ነበር» አለችው። «እኔ ድምፁን ነበር የምጨምርላቸው።»