እምብርቱ የጠፋው የአበባ ማስቀመጫ

«እምብርቱ የታለ?» አሉ ሊገዙ የመጡት የጥርስ ሐኪም።

ብርቱካንማውን የፕላስቲክ የአበባ ማስቀመጫ እንደ ሕፃን ገልብጠው በግራ መዳፋቸው ላይ አስተኝተውታል። የቀኝ አውራ ጣታቸው የዕቃውን መቀመጫ እየዞረ ይዳብሳል። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ፤ ከደረት ኪሳቸውም የበሽተኛ አፍ የሚመረምሩባትን ባለ እጀታ መስተዋት አውጥተው በዕቃው አፍ ሰደዱና ውስጡን አዩት። ከመደርደሪያው ጀርባ መወልወያ ጨርቅ ይዛ የቆመችው ልጅ «ይነቅሉልናል ወይስ ይሞሉልናል?» ልትል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አውራ ጣታቸው የሚዞርበትን ቦታ አየች፤ ቀልዱንም ተወችው።

«ከታች ነዋ! የት ሊሄድ?» አለች አክስቷ።

«ከታችማ ሜዳ ነው። እህቴ፣ እስቲ አንቺው ንኪው።»

አክስቷ ነካችው። ደግማ ነካችው። ፊቷ ላይ የነበረው የነጋዴ ፈገግታ ቀስ እያለ ወረደ።

ልጅቷን ሁሉም ሰው «ጉንዳን» ይላታል። ስሙን ያወጣችላት አክስቷ ናት፤ እጆቿ ሥራ ፈትተው ስለማያውቁ። አክስቷ የምትነግደው በቆዩ ዕቃዎች ነው፤ ወንበር፣ መብራት፣ ሬዲዮ፣ ሰዓት። «አሮጌ» ብሎ የሚጠራባት ደንበኛ ግን ወዮለት። «አሮጌስ ጫማዬ ነው፤ ይሄ ዕድሜ ጠገብ ይባላል!» ትለዋለች። ጉንዳን ትምህርት በማይኖርባቸው ቀናት ሱቁ ውስጥ አቧራ ታራግፋለች፤ የላላ ብሎን ታጠብቃለች። ባለፈው ወር የአንድ ወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ እንደ አዲስ ስታደርገው አክስቷ «እጅሽ ይባረክ! ከእንግዲህ ያላንቺ ሥራ የለም» ብላት ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው መሬት ሳትረግጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጣጣውም የመጣው ከዚያ ምስጋና ነው። የአበባ ማስቀመጫው ወደ ሱቁ በመጣ ሰሞን አክስቷ «አቧራውን ብቻ አራግፊለት» ብላት ወጣች። ጉንዳን መደርደሪያው ላይ ስታቆመው ዕቃው በጣም ትንሽ፣ ዓይን እንኳ በቅጡ የማያየው መወዛወዝ ተወዛወዘ። ገልብጣ ብታየው መቀመጫው መሀል የምስር ፍሬ የምታክል ጉብታ አገኘች። የፋብሪካ ጉድለት መሰላት። በብርጭቆ ወረቀት ፋቀቻት፤ የተጫረውን ቦታ በጥርስ ሳሙና እስኪያበራ ድረስ አሸችው፤ ብናኙንም እፍ አለችው። ዕቃው ቀጥ ብሎ ቆመ። ለአክስቷ ለመናገር እንኳ አልቸኮለችም፤ ራሷ አይታ ትገረም ብላ ተወችው።

እምብርት የሚባለውን ቃል ሳትሰማ ቀርታ አይደለም። አክስቷ ዕቃ ልትገዛ ሄዳ ባዶ እጇን ስትመለስ «ተዪው እባክሽ፣ እምብርት የለውም» ትል ነበር። ጉንዳን ደግሞ በልቶ የማይጠግብ፣ አግኝቶ የማይረካ ሰው «እምብርት የለውም» እንደሚባል ስለምታውቅ፣ አክስቷ የምትሰድበው ስግብግቡን ሻጭ ነው ብላ ታምን ነበር። አሁን የጥርስ ሐኪሙ እያዘኑ ሲያስረዱ ነው ነገሩ የተገለጠላት።

«የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ቅርጹ የሚገባው በአንዲት ቀዳዳ ነው» አሉ። «ሲቀዘቅዝ እዚያ ላይ ይቆረጣል፤ የተቆረጠበት ጉብ ብሎ ይቀራል። የነደፈው ሰው ሆን ብሎ አላስፋቀውም። ‹የተወለደበት ምልክት ነው› ይል ነበር ይባላል። እያስመሰሉ የሠሩት ሌሎቹ ናቸው ልሙጥ የሚያደርጉት። ቅርጹማ እንዴት ያምራል! አፉን ዘንበል አድርጎ ሰው የሚያዳምጥ ይመስላል። ግን ቅጂ ነው።» ዕቃውን መልሰው አቆሙት፤ ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ ወጡ።

በሩ ሲዘጋ አክስቷ ዕቃውን እንደገና ገለበጠችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች አክስቷ። «እትዬ ሽጪልኝ ብለው ሲያመጡት ገልብጬ ማየት ነበረብኝ። በልጅነቴ ፀጉሬን እየሠሩ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው፤ ፊታቸው ብገለብጠው ‹አላመነችኝም› ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። ይሉኝታ ስንቱን ገደለ!» ራሷን ነቀነቀች። «እሳቸውም አያውቁ ይሆናል። መቼም እያወቁ አይሰጡኝም።»

ጉንዳን አፏን ከፈተች። አክስቷ ግን በዚያው ቅጽበት ዞራ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት፤ «አንቺ ብቻ ነሽ የማታሳፍሪኝ» አለቻት። የተከፈተው አፍ ተመልሶ ተዘጋ። አንዳንድ እውነት እንደ ትኩስ ዳቦ ነው፤ ወዲያው ካልቀረበ እየደረቀ ይሄድና ኋላ ጥርስም አይቆርጠው።

«ወስደሽ መልሺላቸው» አለች አክስቷ ዕቃውን በጋዜጣ እየጠቀለለች። «ቦታ ጠበበን በያቸው። ሌላ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።»

ጡረታ የወጡት ፀጉር ሠሪ የሚኖሩት ከልብስ ስፌቱ በላይ፣ ደረጃው በሚጮህ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሱቃቸውን ሲዘጉ ትልቁን መስተዋትና አንዱን የሚሽከረከር ወንበር ይዘው ገብተዋል፤ አልጋቸው ከእነዚያ ጀርባ ተጣብቃ እንግዳ ትመስላለች።

«ግቢ፣ ግቢ! ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ፀጉር ነው? ለወፍ ልታከራዪው ነው?» አሉ ገና በሩ ሳይዘጋ። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ዕቃ ከእጇ ተቀብለው አልጋው ላይ አኖሩና ወንበሩን አዞሩላት። «ተቀመጪ። እኔ ቤት አንድም ራስ ሳይበጠር ወጥቶ አያውቅም።»

ጉንዳን ተቀመጠች። በመስተዋቱ ውስጥ ፊቷ ፊት ለፊቷ ሆነ። ማበጠሪያው ከግንባሯ ወደ ኋላ መንገድ አወጣ፤ የለመዱት ጣቶች መጎንጎን ጀመሩ።

«አክስቴ… ቦታ ጠበበን አለች።»

«ቦታ?» ከልባቸው ሳቁ። «ይቺ አንድ ክንድ የማትሞላ ዕቃ? ስሚ የኔ ልጅ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሴት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትዋሽ ሰምቻለሁ። ስትዋሽ አንገቷ ይደርቃል፤ በእጄ ይታወቀኛል። ያንቺ ይኸው እንጨት ሆኗል። ምን ተገኘበት?»

ጉንዳን በመስተዋቱ ውስጥ ከራሷ ዓይን ሸሸች።

«የጥርስ ሐኪሙ… ፎርጅድ ነው አሉ።»

«ፎርጅድ ማለት?»

«ያው… እውነተኛው ያልሆነ። አስመስለው የሠሩት።»

ሐኪሙ ብለዋል፤ ቃሉ ውሸት አልነበረም። ከአፏ ሲወጣ ግን ካወቀቻቸው ውሸቶች ሁሉ የከፋው እሱ ሆነ።

ጣቶቹ ቆሙ።

«አይ እሷ!» አሉ ሴትዮዋ። ድምፃቸው ለጉንዳን ሳይሆን ለመስተዋቱ ነበር። «ጓደኛዬ ናት የሰጠችኝ። አውሮፕላን ላይ አስተናጋጅ ነበረች። ‹ከነደፈው ሰው ከራሱ ሱቅ ገዛሁልሽ፤ እጁን ጨብጬዋለሁ› ብላ አመጣችልኝ። እኔ ጅሏ ማበጠሪያዎቼን ሰክቼበት ለመጣው ሰው ሁሉ ስተርክ ኖርኩ። እህትማማች ነን በይው፤ እናቷን እንኳ ‹እርስዎ› ስትል እኔና እሷ አንቺ ለአንቺ ነን።» ጉንጉኑን ጠበቅ አደረጉት። «አሁን እሷም ደከማት፤ ሩቅ አገር ነው ያለችው። እሷን ለማየት መሄጃ እንዲሆነኝ ነው አክስትሽን ሽጪልኝ ያልኳት። ባለፈው እሑድ ‹ያመጣሽልኝ ዕቃ ራሱ ወደ አንቺ ሊያመጣኝ ነው› ስላት ሳቀች። ምን እንደሚያስቃት አልገባኝም ነበር።»

«የሳቀችውማ ደስ ብሏት ሊሆን ይችላል» አለች ጉንዳን በጥድፊያ።

«ይሆናል» አሉ። እንደማያምኑት ግን ያስታውቅ ነበር።

ስልኩ ከማበጠሪያዎቹ መሀል ጮኸ። ሁለቱም አዩት። የአንዲት ባለ ሰፊ ፈገግታ አሮጊት ምስል ብርሃኑ ላይ ወጥቷል። እሑድ፣ ምሳ ሰዓት፤ የምትደውልበት ሰዓት መሆኑ ነው። ፀጉር ሠሪዋ እጃቸውን ሰደው ስልኩን በግንባሩ ደፉት። ተደፍቶም ጥቂት አንቀጠቀጠ፤ ከዚያም ዝም አለ።

«ሂጂ የኔ ልጅ» አሉ። «ሌላውን ጎን ሌላ ቀን እጨርስልሻለሁ። እጄ ደከመኝ።»

ጉንዳን ግማሽ ራሷ ተጎንጉኖ፣ ግማሹ እንደተበተነ ወጣች። በሩ ከኋላዋ በደንብ አልተዘጋም፤ እሷም አልመለሰችውም። የመጀመሪያውን ደረጃ ወረደች፤ ሁለተኛው ላይ ተቀመጠች።

ከታች የልብስ ስፌቱ መኪና ይንጎራጎራል። ማንም አላየም፤ ይህን ታውቃለች። ብናኙ ከወለሉ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል። አክስቷ ይሉኝታዋን እየረገመች ትረሳዋለች። ሐኪሙ ሌላ ዕቃ ይገዛሉ። ዝም ካለች እሷ ያው ጉንዳን ናት፤ እጇ የተባረከ፣ የማታሳፍር። ብትናገርስ? የተፋቀው አይበቅል። ዕቃው ከእንግዲህ ማንንም ወደ ሩቅ አገር አይወስድም። አዝናለሁ ብትል፣ ብታለቅስ፣ በሁለቱም ጉልበቶቿ ብትንበረከክ አይበቅልም። ታዲያ መናገሩ ምን ሊረባ?

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ረጅም ጮኸ። አሁን ተነሳ።

«ሃሎ» አሉ ሴትዮዋ። በከፊል በተከፈተው በር ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይወጣል። «ደህና ነኝ። ይመስገነው። እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ?»

ጉንዳን ቀና አለች። ከሌላ ሰው ጋር መሰላት።

«የለም፣ ምንም አልሆንኩም። ምን ሆኜ?… እርስዎ ማለት ምን ነውር አለው? አክብሮት ነው እንጂ።» ከዚያ ወዲያ ማዶ፣ ከባሕር በስተጀርባ፣ አንዲት የደከማት ሴት ምን እንዳጠፋች እየጠየቀች መሆኑን ለማወቅ ድምፅዋን መስማት አያስፈልግም ነበር። «እሱን ነገር ይተዉት። አሁን አይነሳም። መምጣቱም ይቅር፤ እግሬንም ያመኛል። መንገዱ ለእኔ ቢጤ አይሆንም።»

ጉንዳን እግራቸውን እንደማያማቸው ታውቃለች፤ ደረጃውን እንደ ልጅ ነው የሚወጡት። እሳቸውንስ በዚያ ወንበር ላይ አስቀምጦ አንገታቸውን ማን ይንካ?

ስለ አክስቷ አሰበች። እሷ ራሷ ማምሻውን ሱቁ ውስጥ ቆማ የምትነግራትን፣ አክስቷም ዕቃ ስታስረክባት ከዛሬ ጀምሮ ምን ያህል እንደምታመነታ አሰበች። ያን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየችው። የሚያምር ነገር አላገኘችበትም።

«በሉ እንግዲህ» ይላሉ ከውስጥ፤ «ገንዘብዎን በስልክ አይጨርሱ። ደህና…»

ደረጃው ጮኸ። ጉንዳን ሳታንኳኳ በሩን ገፋችው። ሴትዮዋ ስልኩን ከጆሯቸው ሊያወርዱ እጃቸው ግማሽ መንገድ ደርሷል፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ተቆጡም።

«እማማ» አለች፣ ትንፋሽዋ እየተቆራረጠ፤ «አይዝጉት። እሳቸውም ይስሙኝ።»