የላምበርትስ ቤይ ፀሐይ

አቢሶ ሐሙስ ቀትር ላይ በስደት በሚኖርበት ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሉት ትንሽ የሸቀጥ ሱቁ መጋዘን ውስጥ ሞቶ ተገኘ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጄኔሬተሩ እዚያው ይሠራ ነበር፤ ጭሱ አፍኖታል። የመጋዘኑ በር ግን ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፏል።

ፖሊሱ ባፈና በአስተርጓሚነት የምታግዘውን ፀገነትን አስጠራ። ፀገነት ቀድሞ ሐዋሳ ወንጀል መርማሪ ነበረች። መጀመሪያ ያየችው የሱቁን የብረት በር ነው። ደንበኛ የሚስተናገደው በፍርግርጉ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ በሩ ከውስጥ ካልተከፈተ አይገባም፤ አልተሰበረምም።

«አቢሶ ለማን ይከፍታል?» አለች።

«ለሦስታችን ብቻ» አለ ሬሳውን ያገኘው ሸሪኩ ቲቶ። «ለእኔ፣ ለባለቤቱ ለማራናታና ለወንድሙ ለኢዮኤል።»

ቲቶ ጠዋቱን ጻካኔ ሰፈር ዕቃ ሲያራግፍ ታይቷል። ማራናታ ሮዘተንቪል ሰፈር ከምእመናን ጋር ጸሎት ላይ ነበረች። ኢዮኤል ደግሞ መኪና ተከራይቶ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ፎቶ ሊያነሳ ብቻውን ከወጣ አምስት ቀኑ ነበር። ዓርብ ማታ ተመለሰ።

ቅዳሜ ሦስቱም ባፈናና ፀገነት ባሉበት ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ።

«ሐሙስ ጠዋት የት ነበርክ?» ብላ ፀገነት ኢዮኤልን ጠየቀችው።

«ላምበርትስ ቤይ፣ እህት ፀገነት። ፀሐይ ስትወጣ አንስቼ ለማራናታ ልኬላታለሁ።»

ማራናታ ስልኳን አቀበለች፤ ፎቶው የደረሳት ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ የባሕሩን ጠርዝ ነክታለች፤ ወፎች በፊቷ ያልፋሉ።

«እዚህ ስንት ዓመት ሠራህ?»

«ስድስት። የምተኛውም እዚሁ ነው።»

«ፓስፖርትህስ?»

«ጥሎን እንዳይሄድ አቢሶ ይዞበታል» አለች ማራናታ።

ፀገነት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አቢሶ የከፈተው ለሚያምነው ሰው ነው። ቲቶና ማራናታ፣ ሁለታችሁን ሰው አይቷችኋል። ኢዮኤል፣ ላንተ የሚመሰክርልህ ይህ ፎቶ ብቻ ነው። ላምበርትስ ቤይ ባሕሩ በስተምዕራብ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣው ከየብሱ በኩል ነው። ባሕሩ ላይ ያነሳሃት ስትጠልቅ ነው፣ ረቡዕ ማታ። ከዚያ አሥራ አራት ሰዓት ነድተህ ሐሙስ ረፋድ እዚህ ደረስክ። ፎቶውን የላክኸው በሩን ከቆለፍክ በኋላ ነው።»

ኢዮኤል ፍርግርጉን እያየ ተናገረ።

«ባሕሩን ካየሁ በኋላ እዚህ ፍርግርግ ውስጥ ተመልሼ መተኛት አልቻልኩም። ፓስፖርቴን ስጠኝ አልኩት። ‹ሁለተኛ አትወጣም› አለኝ። መጋዘን ሲገባ ቆለፍኩበት። መዘጋት ምን እንደሆነ ይቅመሰው ብዬ ነው።»

«ጄኔሬተሩን አልሰማኸውም?»

«እሰማው ነበር።»

«እሱስ ምን ይል ነበር?» አለች ማራናታ።

«ስሜን ይጠራ ነበር።»

ማራናታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባፈና ካቴናውን አወጣ፤ ኢዮኤል ሳይጠየቅ እጆቹን ዘረጋ።