ከካምደን የወጣው ዝርዝር

የምነግራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ብዋሽ ከዛሬ ጀምሮ ፊንስበሪ ፓርክ ላይ አንድ ባቡር አይቁምልኝ።

ጥላዬ እጁ መሳቢያው ውስጥ ነበር።

ለንደን፣ ካምደን ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስደተኛ ይውጣልን የሚለው ፓርቲ ቢሮ። አርባ ካሜራ። ሰባት ውሻ። «ሳይመን ነኝ፣ አያቴም የለንደን ልጅ» ብሎ ስድስት ወር በነጻ ሲያገለግል ማንም አልጠረጠረውም። እንግሊዞቹ እንግሊዝኛ ሲጠፋቸው እሱን ይጠይቁት ነበር።

መሳቢያው ውስጥ ያለው ስደተኞች የሚኖሩባቸው ቤቶች አድራሻ ነው። አንድ ወረቀት፣ ቅጂ የሌለው። ነገ ተባዝቶ ለሰልፈኞች ይታደላል። ሦስተኛው ቤት ውስጥ እህቱ እድላዊት ከሁለት ልጆቿ ጋር የጥገኝነት መልስ ትጠብቃለች።

ወረቀቱን ሸሚዙ ውስጥ ከተተ።

የእግር ኮቴ።

ወንበር ላይ ዘፍ አለ። አለቃው ግራንት ገባ፤ ጥላዬ እግሩን እንዳነባበረ ሰላም አለው። ከኋላ ግን የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ አልታየሽ የቆሻሻ ከረጢት እየጎተቱ ገቡ። ሰባ አልፏቸዋል።

ጥላዬ ብድግ አለ።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ ልጄ» አሉ እሳቸው ሳያስቡት።

ግራንት በሩን ቆለፈ። ጥላዬን ለዚህ ሥራ የላከው ሳዶቅ የሚባል ሰው ካሌዶኒያን ሮድ ካፌ ተቀምጦ ሸጦታል።

«ሳዶቅ አንድ ሰላይ አለባችሁ ብሎኝ ነበር» አለ ግራንት። «ስሙን ሊነግረኝ ብዙ ገንዘብ ጠየቀኝ። አሁን በነጻ አገኘሁት።»

ሊፍቱ በካርድ ነው። ካርዱ ግራንት ኪስ ውስጥ ነው። ግድግዳው ጠበበ።

ግራንት ስልኩን አነሳ።

ጥላዬ ምን ያድርግ? ሦስት ዘበኛ በአንድ ክርን አነጠፈ፤ መስታወቱን በግንባሩ ሰብሮ ዘለለ፤ አውቶቡስ ጣራ ላይ አረፈ። ስድስት የጎን አጥንቱ ተሰበረ። ዝርዝሩ ተቃጠለ፤ ሰልፈኛው የሚሄድበት ጠፍቶት ተበተነ። ጥላዬም ስሙን ጥሎ ለንደን ውስጥ ተሰወረ። ዛሬም አጠገባችሁ ቆሞ ይሆናል።

ይህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሲወራ፣ እማማ አልታየሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ዳር ተቀምጠው ነበር።

«ማንም አልዘለለም» አሉ ቀስ ብለው። «ሰውየው ለስልኩ ፊቱን ሲያዞር ወረቀቱን ተቀብዬው ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩ። ቆሻሻ ማን ይፈትሻል? በሩንም ራሱ ከፈተልኝ።»

«ጥላዬስ?» ተባሉ።

«እሱማ የመኖሪያ ፈቃድ አልነበረውም። ፖሊስ ወሰደው፤ ባለፈው ማክሰኞ ወደ አገሩ መለሱት። ለእድላዊት ሥራ በዝቶበት ነው ብያታለሁ።»